አረማመዱን መልስለት

ማንጎ ሲበላ ካላያችሁት ስለዚህ ልጅ የምነግራችሁ ሁሉ ጎደሎ ነው። ማንጎ ደግሞ የለም፤ እጁ ባዶ ነው። የሌለ ቅርንጫፍ ወደ ታች ይስብና የሌለ ማንጎ ይቆርጣል፤ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ መብሰሉን ያያል፤ ልጣጩን በጥርሱ ይዞ ቁልቁል ይልጠዋል። ጭማቂው በክንዱ ሲወርድ በምላሱ እስከ ክርኑ ድረስ ያሳድደዋል። ዙሪያውን የቆምነው ሁሉ ምራቃችንን እንውጣለን። ከዚያ የማንጎው ክር ጥርሱ መሃል ይገባል። የአርባ ምንጭ ሰው ይህን ስቃይ ያውቀዋል። ይጎትተዋል፣ ይረዝማል፤ ይጎትተዋል፣ ደግሞ ይረዝማል። በእጁ ይጠቀልለዋል፣ በክርኑ ያዞረዋል፣ በወገቡ ያስረዋል። በመጨረሻ ራሱን በገዛ ክሩ ጠፍሮ፣ እግሩ እንደ ታሰረ ዶሮ እየዘለለ ከሜዳው ይወጣል። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥጥ የፈተልኩ ሴት ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ረጅም ክር ግን ፈትዬ አላውቅም።

ትውልዴ ዶርዜ ነው። ወደ አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ የወረድኩት ባሌን ተከትዬ ነው፤ እሱ ሸማኔ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል፤ እንዲህ ሆነን ኖርን። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከዱቄት ከረጢትና ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢያነክስ መንገዱ ኮረኮንች ስለነበረ ነው በሉኝ። አሁን ብቻዬን ነኝ። በገበያ ቀን ፈትሌን ይዤ እወጣለሁ፤ ባይሸጥም ሰው አያለሁ። ሰው ማየት የምወድ ሴት ነኝ።

ልጁ ከግቢዬ ኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ነው የተዋወቅነው። ከጨንቻ በላይ፣ ጭጋግ ከማይጠፋበት መንደር የመጣ ነው። ቀን ቀን መኪና ላይ ሙዝ ይጭናል። ከሥራ መልስ ደግሞ አንድ ሰው የሚያሠለጥናቸው የሰርከስ ልጆች ጋ ሄዶ ቀልደኛ ይሆናል። ፊቱን ነጭ ይቀባል፣ ግማሽ የፕላስቲክ ኳስ ቀይ ቀብቶ አፍንጫው ላይ ይሰካል። ሌሎቹ የሚገለባበጡ፣ ትከሻ ለትከሻ የሚቆሙ ናቸው፤ ማስታወቂያው ላይ ፎቶው የሚወጣው የእነሱ ነው። እሱ የሚገባው እነሱ ፍራሽ ሲያነሱ፣ ሕዝቡ እንዳይሰለች ነው። ስሙን የጠየቀ የለም። እኔ ግን የሚገለባበጡትን አንገቴን ደፍቼ አሳልፋቸውና እሱ ሲገባ ቀና እል ነበር።

ደግሞ የሚገርመው ቤት ውስጥ ለፍላፊ ነው። ስለ ሙዙ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ አባያ ዓሣ አጥማጆች ጠብ፣ ወሬው አያልቅም። አንድ ቀን፣ ይህን ሁሉ ወሬ ይዘህ እዚያ ሜዳ ላይ እንዴት ዝም ትላለህ አልኩት። አፌና እጄ አንድ ላይ ካወሩ አይደማመጡም፣ አለኝ። እኔና ባሌም እንደዚያ ነበርን፤ ነገሩ ገባኝ።

አሁን ወደዚያ ሰው ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን ብጠራለት ደስ ይለዋል።

የሰርከሱ አለቃ ነው። በወጣትነቱ ራሱ ይገለባበጥ ነበር ይላሉ። አሁን የሚገለባበጠው በምላሱ ነው። አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጥላል። አረማመዱን ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ደረቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ እግሩ በኋላ ይመጣል። ተረከዙን መሬት ላይ እንደ ማኅተም ይመታል። ጥቂት ሄድ ይልና ይቆማል፤ ማን እንዳየው ለማየት ግራ ቀኝ ይቃኛል። ፊሽካው ሲወዛወዝበት በእጁ ያረጋጋውና እንደገና ደረቱን ያስቀድማል።

መስቀል ሰሞን ነበር። መስቀል እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ አዲስ አበባ ያለ ሸማኔ ሁሉ የሚመለስበት፣ ደገኛው ወደ ከተማ የሚወርድበት፣ የተጣላም የሚታረቅበት ጊዜ ነው። ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። የሚገለባበጡት ተገለባበጡ፣ ፍራሽ ተነሳ፣ ልጄ ገባ። ገና እጁን ወደ ማንጎው ሲዘረጋ ያ ሰው ማይክሮፎን አነሳ።

«ወገኖቼ፣ ይህ ወንድማችን ከተወለደ ጀምሮ መናገር አይችልም። ዲዳ ነው። እንግዲህ በእጁ የሚላችሁን በልባችሁ ስሙት» አለ።

እሳት ላይ ውሃ ሲደፋ እንዴት ጭስስ እንደሚል ታውቁ የለም? ሳቁ እንደዚያ ሞተ። በቦታው ከንፈር መምጠጥ መጣ። ልጁ ምን ያድርግ፤ የጀመረውን መጨረስ አለበት። ማንጎውን ቆረጠ፣ ከንፈር መጠጡ። ጭማቂውን ላሰ፣ «እኔን ይድፋኝ» አሉ። ክሩ ጥርሱ ውስጥ ሲገባ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ታስሮ መዝለል ሲጀምርማ አንዲት አሮጊት ከሰዉ መሃል ሮጠው ወጥተው ሊፈቱት ሞከሩ። የሌለውን ክር! ብር የጣሉለትም ነበሩ፤ አለቅየው ፊሽካውን እያረጋጋ ለቀመው። እኔ ከነጩ ቀለም ሥር ዓይኑን አየሁት። ሰው ሲደበደብ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ዓይን ግን አላየሁም።

በማግስቱ ሄዶ ጠየቀው። ያ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? ሰው ሲስቅ እጁን ኪሱ አይከትም፣ ሲያዝን ነው የሚከተው። አንተ ምን ጎደለብህ፣ ድሮም ሜዳው ላይ አትናገርም። እንዲያውም ከእንግዲህ መንገድ ላይም ዝም በል፣ ሰው እንዳይሰማህ። ልጁ እንቢ አለ። እንቢ ካልክ ፊትህን እንዳላይ፣ ተባለ።

በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ልጁ እንደ ልማዱ ሄዶ ዳቦ ሲገዛ «ሁለት ስጪኝ» አለ፣ በአፉ። ሻጯ መስቀል ዕለት ከንፈር ከመጠጡት አንዷ ነበረች። በመጀመሪያ ተፈወሰ ብላ እልል ልትል ነበር። ኋላ አሰበችና ፊቷ ጠቆረ። ዲዳ መስሎ የሚለምን አታላይ፣ ብላ ዳቦዋን መልሳ ወሰደች። ወሬው ከሲቀላ ዳገቱን ወጥቶ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ለመድረስ ባጃጅ አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲያ ዝም ሲል ያዝኑለታል፣ ሲናገር ይሰድቡታል። ገበያ ዳር ቆሞ ማንጎውን ቢጀምር፣ «አታላዩ መጣ» ብለው ጀርባቸውን ይሰጡታል። አብረውት ሙዝ የሚጭኑት እውነቱን ያውቃሉ፤ ግን ሙዝ ጫኝ ከማይክሮፎን በላይ የሚሰማው ማን አለ?

ቀይ አፍንጫውን በቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከቶ ክዳኑን ገጠመ። ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ሆነ፤ ያ ለፍላፊ ልጅ ቤት ውስጥም ዝም አለ። ወደ መንደሬ እመለሳለሁ፣ ይህን ነገርም ሁለተኛ አልሞክረውም፣ አለኝ አንድ ቀን። ሙዝ ስጭን ስንት ጊዜ ያዩኝ ሰዎች፣ አሁን ለምን እንደ አታላይ ያዩኛል፣ አለ።

እኔ ሰው ረግሜ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ሲጣሉ አስታራቂ እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ግን እርግማን እንደ ደራሽ ውሃ መጣብኝ። ጎሜ ይያዘው እል ነበር። እኛ ዘንድ የተከለከለ ነገር ያደረገ ሰው፣ እስኪናዘዝ ድረስ የሚከተለው ነገር አለ፤ ከብቱ ይሞታል፣ ማሳው ይደርቃል፤ ጎሜ እንለዋለን። ግን ይህ ሰው ከብትም ማሳም የለው፣ ጎሜው ምኑን ይያዘው ብዬ ተናደድኩ። ጥጥ ይዤ ስቀመጥ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። እጄ ሲናደድ ክሬ ይቀጥናል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜም አሰብኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከቅዳሴው ይልቅ የዚያ ሰውዬ ውርደት ነበር የታየኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት የበቆሎ ምግባችንን ቁርቁፋን አቅርቤለት የሽፈራውን ቅጠል ከውስጡ እየለቀመ ተቀመጠ፣ አይበላም።

«አንተ ልጅ፣ ዝም ልትል ነው?»

«ዝም ማለት ሥራዬ አይደል፣ እማማ።»

«ያ ሥራህ የነበረው ሳይሰረቅ ነው። ዝምታህን ሰርቆሃል። አንተም የሱን አንድ ነገር ውሰድበት።»

«ምን አለውና እወስድበታለሁ?»

እኔም አሰብኩ። ቤቱ የኪራይ ነው፣ ፊሽካው ዋጋ የለው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁና ግቢው መሃል ሄድኩለት። ደረቴን አስቀደምኩ፣ ተረከዜን መታሁ፣ ቆም ብዬ ዶሮዎቼ እንዳዩኝ አረጋገጥኩ፣ የሌለ ፊሽካ አረጋጋሁ። በዚህ ዕድሜዬ። ልጁ መጀመሪያ አፉን ከፈተ። ከዚያ ከመስቀል ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀና ቁርቁፋውን በላ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣ ተረከዙን በደንብ አልመቱትም፣ አለኝ፤ ተነስቶም አሳየኝ። እኔ እንደዚያ ሰው ነበር የሄድኩት። እሱ ግን ያንን ሰው ሆነ።

በገበያ ቀን አለቅየው እንደ ልማዱ በፍራፍሬው ተራ መጣ። ልጁ ቀለም አልተቀባም፣ አፍንጫም አላደረገ። ከሙዝ መኪናው ወርዶ ከኋላው ገባ። ደረት፣ ተረከዝ፣ መቆም፣ መቃኘት። በመጀመሪያ ያየችው አቮካዶ ሻጭ ነበረች፤ የምትመዝነውን ትታ አፏን ያዘች። ከዚያ ሽንኩርት ተራ፣ ከዚያ ዓሣ ተራ፣ ሳቁ ከኋላቸው እየተከተለ መጣ። ሰውየው ዘወር ሲል ልጁ አጎንብሶ ቲማቲም ይመርጣል። እንደገና ሲሄድ እንደገና። ሰውየው ምን እንደሚያስቅ ስላልገባው ለሳቁ ሁሉ እጁን እያነሳ ሰላምታ ይሰጥ ነበር፤ ያንንም ልጁ ወሰደበት። ፈትሌ ጭኔ ላይ ተበትኖ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በዚያ ሳቅ ውስጥ ደግነት አልነበረም፤ አልዋሽም።

ከዚያ በኋላ አረማመዱ የከተማው ሆነ። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሲወጡ በእሱ ይሄዳሉ። የባጃጅ ልጆች ተሳፋሪ ሲጠብቁ በእሱ ይንጎራደዳሉ። አንድ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ሙሽራውን አጅበው በዚያው አረማመድ ገቡ፣ አማቲቱ በሳቅ ወደቁ። ሰውየው በመጨረሻ ነገሩ ሲገባው አንገቱን ደፍቶ፣ አጠር አጠር አድርጎ፣ በለሆሳስ መራመድ ጀመረ። ልጆቹ ከኋላው ሆነው፣ «ይሄኛውስ የማን ነው?» አሉት። ይህን ሲነግሩኝ ደግመው እንዲነግሩኝ አደረግሁ። ከዚያ ጎረቤት ለመሄድ እንኳ ባጃጅ መሳፈር ጀመረ። ምሥጋና ለፈጣሪ፣ ጎሜው የሚይዘውን አገኘ አልኩ።

አንድ ጠዋት ግን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ከደጋ የወረዱ፤ እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር። የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅህ ከተንበረከከ ነገር አለቀ ማለት ነው። ጦር የያዘም ቢሆን ያንን ሣር አይሻገርም። አባቴ አልተሻገረም፣ አያቴም አልተሻገረም። በልቤ ግን፣ ምነው በጋ በሆነና ሣር በጠፋ አልኩ። ዝናቡን የሰጠንን አምላክ አማረርኩ። ቢሆንም በሩን መዝጋት አይቻለኝም፤ አስገባኋቸው።

ልጁ ከክፍሉ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግቢው መሃል ተንበረከኩ። ከሁሉም ታላቁ ሣሩን መሬት ላይ አደረጉና፣ ቃል ሳይናገሩ በእጃቸው ማስረዳት ጀመሩ። ወደ ሰማይ አመለከቱ፣ ደረታቸውን መቱ፣ ሁለት ጣታቸውን አጋጠሙ፣ ከዚያ በጣቶቻቸው ሰው ሲራመድ አሳዩና በመዳፋቸው ወደ ውጭ ሰደዱት። አረማመዱን መልስለት ማለታቸው ነው። ልጁ ራሱን ዘንበል አድርጎ በትልቅ ትኩረት አያቸው። ኋላ እንደነገረኝ የሽማግሌው እጅ ጎበዝ ነበር። ሲጨርሱ ጎንበስ አለ።

«አባቶቼ፣ ተነሱ፤ ሰምቻለሁ» አለ።

ሽማግሌው ሊወድቁ ነበር። «ትናገራለህ እንዴ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ላኪያቸው አለቅየው፣ ዲዳ ነውና በምልክት ለምኑልኝ፣ ብሎ ነበር የላካቸው። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ሲያለማምዱ ነው የመጡት፤ ምስኪኖች። ባሳፈራቸው ሾፌር ፊት ሳይቀር። ያኔ እኔ ጣልቃ ገባሁና ከመስቀሉ ማይክሮፎን እስከ ዳቦዋ ድረስ ያለውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ልጁ ይበቃል ሲለኝ እኔ ገና መጀመሬ ነበር። ታላቁ ሽማግሌ ጨርሰው አዳመጡኝ። ከዚያ ሣሩን ከመሬት አነሱ።

«ይህ ሣር ውሸት ላይ አይነጠፍም» አሉ፤ ጉልበታቸውን አራግፈው።

ሣር ይዘው መጥተው ሣር ይዘው ሲመለሱ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ሙዝ አስይዤ እስከ መንገድ ሸኘኋቸው። ለሰውየው ያሉት አጭር ነበር፦ ባረከስክበት ቦታ ታነጻለህ፤ ውሸቱን በተናገርክበት ሜዳ እውነቱን ትናገራለህ፤ ከዚያ በኋላ እኛ እንለምንልሃለን።

እሱም ምን አማራጭ አለው፤ የባጃጅ ልጆች እንኳ ሲያሳፍሩት በእሱ አረማመድ ወርደው በር ይከፍቱለት ጀምረው ነበር።

በእሑድ ከሰዓት እዚያው ሜዳ ተሰበሰብን። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፤ ቦታ ለመያዝ ማልጄ ነው የሄድኩት። ዳቦ ሻጯም መጥታለች፣ አሮጊቷም መጥተዋል። ሽማግሌዎቹ አዲስ ሣር ይዘው ቆሙ። ሰውየው ፊሽካውን አውልቆ መጣ። ማይክሮፎኑን ያዘና ድምፁ ሲጠፋበት ታላቁ ሽማግሌ፣ እንደዚያን ቀን ጮክ በል አሉት።

«ይህ ልጅ ዲዳ አይደለም። ይናገራል። ዋሽቼ ነው» አለ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ፣ እስቲ ይናገር አለ። ሌላው ተቀበለው፤ ሜዳው በሙሉ ይናገር፣ ይናገር አለ። እኔም በልቤ፣ ስደባቸው፣ ሁሉንም ንገራቸው እያልኩ ነበር።

ልጁ ወደ መሃል ወጣ። ቀይዋ አፍንጫ ቦታዋ ላይ ነበረች። ኮሌታውን አስተካከለ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ያለ ድምፅ። የሌለ ብርጭቆ አንስቶ ውሃ ጠጣ፤ የቀረውን ለሽማግሌው አቀበለ፣ ሽማግሌውም ሳያስቡት እጃቸውን ዘረጉ። ጣቱን ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ጠብቁኝ አለ። አየር ሳበ፣ ደረቱ ተነፋ። አፉን ከፈተ። ከፍቶ ቆየ። ደግሞ አሰበበት። ከዚያ እንደ ሳጥን ክዳን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ትከሻውን ሰበቀ።

እንዴት እንደሳቁ ልነግራችሁ አልችልም። አንድም ከንፈር የመጠጠ የለም። ዳቦ ሻጯ ጎረቤቷን እየመታች ሳቀች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ዝምታው ተመልሶ የሱ ሆነ። ቢናገር ኖሮ ለእኔ ደስ ይለኝ ነበር፣ ለእሱ ግን ይጎድልበት ነበር።

ሣሩ ተነጠፈ። ልጁ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። ቀጥሎ በሰውየው አረማመድ ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳውን ዞረ። ሲጨርስ ከትከሻው ጀምሮ እንደ ልብስ አወለቀው፣ አራገፈው፣ እንደ ጋቢ አራት አድርጎ አጣጥፎ በሁለት እጁ ለሰውየው ዘረጋ። ሰውየው ግራ ገብቶት ቆመ።

«በሁለት እጅህ ተቀበል» አሉት ሽማግሌው፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

ተቀበለ። ያንን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት እያየ ባዶ እጁን አቅፎ ቆመ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ይዞት ነው የሄደው።

ልጁ አሁን በገበያ ቀን ገበያ ዳር ይጫወታል። ማስታወቂያ ላይ ፎቶው አይወጣም፤ ስሙን የሚጠይቅ ዛሬም ጥቂት ነው። ማንጎ ተራ ያሉት ሴቶች ግን እሱ ሳይጨርስ አይሸጡም። ቤት ሲመጣ ለፍላፊነቱ ተመልሶበታል፣ አንዳንዴ ጆሮዬን ያደነቁረዋል። ያንን ሰው ሲያገኘውም ሰላም ይለዋል፤ ከልቡ ነው። ሣር ተነጥፎለታልና።

ለእኔ ግን ሣር ያነጠፈ የለም። ሰውየው አረማመዱ ቢመለስለትም ልኩ አልሆነም፤ ሲያስቀድመው ደረቱ ያፍራል፣ ሲተወው እግሩ ይጠፋዋል። በፈትሌ በኩል ሲያልፍ እንደ ማንኛውም እናት፣ «እንደምን ዋልክ፣ ልጄ» እለዋለሁ። እግዜር ይመስገን ይለኛል። ከዚያ ዓይኔን ቀስ አድርጌ ከፊቱ ወደ እግሩ አወርዳለሁ፣ እዚያው አቆየዋለሁ። ሁልጊዜ ይደናቀፋል። መንገዱ እኮ ደልዳላ ነው።